የሰባት ቀን ጥላ

በቢቸና ዳስ የሚጣለው ወይ ለሰርግ ነው ወይ ለተዝካር። ባላ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው የታየ እንደሆነ «ማን ሊዳር ነው?» ወይም «የማን አርባ ደረሰ?» ይባላል እንጂ ሌላ የሚጠረጥር የለም። የመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ልጅ ሀብትነሽ ግን በሕይወቷ መጀመሪያ የሠራችው ዳስ ዓባይ በረሃ ውስጥ ነበር። ለሙሽራም ለሟችም አልነበረም። ለመርፌ ነበር።

ነገሩ የሆነው በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ፈንጣጣን ከአገር እናጠፋለን ያሉ ከታቢዎች ሳጥናቸውን በበቅሎ ጭነው ከደጋ ቆላ በሚዞሩበት ጊዜ። ከነዚህ አንዱ ሣህለ ማርያም ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ሞጣ የተመደበ፣ ሲስቅ ዓይኖቹ ጥፍት የሚሉ ወጣት ነበር። ሴቶች ይህን ሳቅ ይወዱታል። እኔ ግን ዓይኑን ደብቆ የሚስቅ ሰው ብዙም ደስ አይለኝም፤ ይህን የምለው ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በጥቅምት አንድ ጠዋት የመሪጌታን የቅኔ ተማሪዎች ሊከትብ ቢቸና መጣ። ተማሪዎቹ አርባ ያህል ናቸው፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በበትር ያሸነፉ ጎረምሶች። መርፌውን ሲያዩ ግን እንደ ቆቅ ተበተኑ።

ሀብትነሽ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ሣህለ ማርያም ባዶ ግቢ ውስጥ ሳጥኑን ታቅፎ ቆሟል። ሳቋ መጣ።

«ምነው ብቻዎን?»

«ተማሪ አለ ብለውኝ ነበር» አለ። «አርባ።»

«አሁንም አሉ። ዛፉ ላይ ናቸው።»

ቀና ብሎ አየና እሱም ሳቀ። «አንቺስ አትሮጪም?»

«እንስራ አዝዬ ወዴት እሮጣለሁ?»

እንስራውን አወረደች፤ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። መርፌው እንደ ቀጋ እሾህ ጫር ጫር አደረጋት። ሥራው አለቀ፤ ክንዷን የያዘው እጅ ግን ሥራው ካለቀ በኋላም ትንሽ ቆየ። ሁለቱም አወቁት። ተማሪዎቹም የየኔታ ልጅ ስትከተብ አይተው ከማፈራቸው የተነሣ አንድ በአንድ ከዛፍ ወረዱ።

ያ ቀን ሥራ አመጣላት። የገጠር ሴት ክንዷን ለባዕድ ወንድ ገልጣ አትሰጥም፤ ሀብትነሽ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ናት። ሣህለ ማርያም አስመዘገባት፣ መርፌ አያያዝ አስተማራት። ከአጥቢያ አጥቢያ አብረው መሄድ ጀመሩ። በየመንገዱ ስለ አዲስ አበባ ያወራላታል፤ እሷ ትሰማለች፤ እሱ ሲጨርስ ደግሞ አንድ ተረት ታወርድና ዓይኖቹን ጥፍት ታደርጋቸዋለች።

«መቼ ነው ‹አንተ› የምትዪኝ?» አላት አንድ ቀን።

«ሽማግሌ ሲመጣ።»

ቀልድ ነበር። ከተናገረችው በኋላ ግን ፊቷ ጋለና መንገዱን ትታ በእርሻ ውስጥ ሄደች።

በታኅሣሥ ሌላ ነገር ነገራት። ሞጣ በተከራየው ቤት መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ እንደሚተኛ።

«አልጋ የለዎትም?»

«ነበረኝ። አሁን የለም። አልጋ የምገዛው ካንቺ ጋር ሆኜ ነው። ብቻዬን የምተኛበትን አልጋ ጠላሁት።»

ሀብትነሽ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ስለ አንድ ወንድ ጎን መጎርበጥ ማልቀስ ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን አለቀሰች። ለእሷ ሲል መሬት የተኛ ሰው አይታ አታውቅም ነበር።

*

ከገና በኋላ ሥራው ወደ በረሃ ሊወርድ ሆነ። ከጉንደ ወይን በታች ባለው የዓባይ መሻገሪያ ከጎጃም ወሎ፣ ከወሎ ጎጃም የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው፤ በሽታውም አብሮት ይሻገራል። እዚያ መልካው ላይ ተቀምጦ እስከ ፋሲካ የሚያልፈውን ሁሉ መከተብ ያስፈልግ ነበር። ሴቶቹን የምትከትብ ሀብትነሽ ካልወረደች ግን ሥራው ግማሽ ሥራ ነው።

መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ እንቅጩን ተናገሩ። «ልጄ ባል ካልሆናት፣ እጮኛ ካልሆናት ወንድ ጋር በረሃ አትወርድም።»

በቀጣዩ እሑድ ሦስት ሽማግሎች ደጃቸው ቆሙ። ሣህለ ማርያም ልኳቸው ነው። ሀብትነሽ ከጓዳ ሆና ልቧ ሲመታ የተማሪዎቹ ከበሮ መሰላት። አባቷ ብዙ ጠየቁ፤ በመጨረሻ «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባለው። ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። ሰርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለጥር ሃያ ስምንት ተቆረጠ።

የኔታ ቃላቸውን የሰጡት ለሽማግሎቹ ብቻ አልነበረም። በጥምቀት ማግሥት፣ የሚካኤል ዕለት፣ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው «ይህ መርፌ የያዘው ልጅ አማቼ ነው። እኔን የምታምኑ እሱን እመኑት፤ ልጆቻችሁን ስጡት» አሉ። ያን ዕለት ሣህለ ማርያም በመዝገቡ መጻፍ እስኪያቅተው ድረስ ሰው ሊከተብ መጣ።

ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ሀብትነሽ እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

«እንግዲህ ሽማግሌ መጣ» አለ።

«መጣ።»

«ታዲያ?»

የአጥሩን በር በእጇ ያዘች። «ደህና እደር» አለችው፤ በ«አንተ»። ይህችን አንዲት ቃል ተሸክማ ስትመለስ ግቢው ጠበባት።

*

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ገደሉን ወረዱ። ሀብትነሽ፣ ሣህለ ማርያምና አክስቷ ውበቴ። እጮኛም ብትሆን ልጅቷ ብቻዋን አትላክም ተብሎ የተላኩት ውበቴ፣ በቅሎ ላይ ሆነው እንኳ አንድ ዓይናቸውን ከሁለቱ ላይ አላነሡም።

ታች ሲደርሱ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ዓባይ በጥር ቀጥኖ በድንጋይ መሐል ይሄዳል። በዳሩ ላይ ጭነት፣ በቅሎ፣ አቁማዳ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው። ሰዉን በተነፋ ቁርበት እያንሳፈፉ የሚያሻግሩት ዋናተኞች አለቃ አያ ዳምጤ ይባላሉ፤ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ጀርባቸው እንደ ጅራፍ የጠነከረ ሰው።

ሣህለ ማርያም ሳጥኑን ከዐለት ሥር አኖረና ላቡን ጠረገ። «ዳስ ያስፈልገናል። ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ አይጠብቀንም። መድኃኒቱም ፀሐይ ካገኘው ይሞታል። የሞተ መድኃኒት የተወጋ ሰው ዳንሁ ብሎ አምኖ ይሄዳል፤ ከዚያ በሽታው ሲመጣ ጉድ ይሆናል። ሰውን ከማታለል አለመከተብ ይሻላል።»

እንዲህ ያለው በአፉ ነው። ሀብትነሽ ይህን ንግግሩን እስካሁን አልረሳችውም።

አያ ዳምጤ ዘጠኝ ባላ አስቆረጡ፤ ሦስት ሦስቱን በሦስት ረድፍ ሊተክሉ። ሣህለ ማርያም መሐል ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ እያየ «መግቢያው በዚህ በመንገዱ በኩል ይሁን» ሲል ሳቁበት።

«የቀትሯን ፀሐይ አይፍሩ ጌታው፤ እሷ ከላይ ናት፣ ክዳኑ ይመልሳታል። ሰው የምታነደው የተሲያቷ ናት። ጎንበስ ብላ በጎን ትገባለች። በጎጃም ገደል በኩል ያለውን ጎን ዝጉት፣ ወደ ወንዙ ክፈቱት። በጥር ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ በደቡብ በኩል ክዳኑ ዝቅ ይበል።»

ጉድጓዱን ክንድ ያህል ቆፈሩ፣ ባላዎቹን ተከሉ፣ ድንጋይ እየወተፉ አጠበቁ። ሀብትነሽ ከግራር ቅርፊት ልጥ እየላጠች ታቀብላለች፤ ሣህለ ማርያም አግዳሚውን ያስራል፤ ልጡን ሲቀበላት ጣቶቿን አብሮ ይቀበላል። ውበቴ ያስላሉ። ልጡ ይላላል፣ እንደገና ይታሰራል። አንድ ቋጠሮ ያን ያህል ጊዜ ሲወስድ አያ ዳምጤ በዕድሜያቸው አላዩም።

«ለሰርጋችንም ባላውን እኔ እተክላለሁ» አላት በሹክሹክታ።

«ሙሽራ በሙሽሪት ደጅ ባላ አይተክልም። ተከብበህ፣ ታጅበህ ነው የምትመጣው።»

«እሺ፤ ታጅቤ።»

የቀረው ክዳኑ ነበር። አያ ዳምጤ እጃቸውን አራገፉ።

«ሳር ከላይ፣ ከጉንደ ወይን ጥግ ይምጣ። ሁለት ቀን ብንጠብቅ ለክረምትም ይተርፋል። ግራር ከሆነ ያው እዚሁ አለ። ግራር ግን አይታመንም። ዛሬ ለምለም ነው፤ በሰባተኛው ቀን ቅጠሉ ይረግፋል፣ እሾሁ ይቀራል።»

«ሰባት ቀን ይበቃናል» አለ ሣህለ ማርያም።

ቶሎ ነው ያለው፤ ሳያስብ። የሀብትነሽ እጅ ልጡ ላይ ቆመ።

«እስከ ፋሲካ አይደለም እንዴ የምንቀመጠው?»

«ነው… ነው እንጂ። ሲረግፍ እንቀይረዋለን።» ሳቀ። ዓይኖቹ ግን ያን ጊዜ አልጠፉም፤ ፍጥጥ ብለው ወንዙን ያዩ ነበር።

አያ ዳምጤ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩ። መጥረቢያቸውን አንሥተው ወደ ግራሩ ሄዱ።

ሀብትነሽ የገበሬ አገር ልጅ ናት። ሊከርም ያሰበ ሰው በግራር እንደማይከድን ማንም አይነግራትም። አረም ሊያርም የወጣ፣ ከብት ሊያሳርፍ የቆመ፣ ነገ ጓዙን ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው በግራር የሚከድነው። ይህን አወቀችው። አውቃ ሲያበቃ ግን «የከተማ ልጅ ነው፤ ሳርና ቅጠል ምኑ ነው» ብላ ራሷን አሞኘች። ሰው ሲወድ የሚያየውን ትቶ የሚፈልገውን ያያል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሣህለ ማርያም በቅሎውን ጫነ።

«ሞጣ ደርሼ መድኃኒት ላምጣ። ሚዜዎቼንም ልንገራቸው። ከዘገየሁ ጥር ሃያ ስምንት ዳሳችሁ ውስጥ ነኝ።» ሳጥኑን አሳያት። «ብልቃጦቹን ከላይ ወደ ታች እያወጣሽ ተጠቀሚ። ከሥር አታውጪ፤ እንዳይደባለቁ።»

«እሺ።»

ፊቷን ብዙ አየው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ውበቴ አሳሉ፤ ዘጋው። ገደሉን ሲወጣ አራት ጊዜ ዞሮ አያት። አራት ጊዜ መቁጠሯ በኋላ እንደ እሳት አቃጥሏታል።

*

በሰባተኛው ቀን ከወንዙ ነፋስ ተነሣ። የግራሩ ቅጠል እንደ ገለባ እየረገፈ በእናቶቹ ፀጉር፣ በሕፃናቱ ዓይን፣ በመርፌው ሳህን ላይ ወረደ። ከላይ የቀረው እሾህ ብቻ ነበር። ፀሐይ በእሾሁ መሐል ገብታ ሰዉን እየነጠቀች ታወጣው ጀመር፤ ግማሹ ዐለት ሥር ገባ፣ ግማሹ ሳይከተብ ተሻገረ።

ሀብትነሽ ነጠላዋን ከሳጥኑ ላይ ጥላ የመጨረሻዋን ብልቃጥ አወጣች። ከሥሯ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር።

«ሀብቴ፣ ይህን ስታነቢ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ለሁለት ዓመት ትምህርት ባሕር ማዶ ተልኬያለሁ። ፊትሽን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ሽማግሌ ባልልክ አባትሽ ወደ በረሃ አይለቁሽም ነበር፤ አንቺ ባትወርጂ ሴቶቹ አይከተቡም ነበር። ለሥራው ስል ነው። ግን መውደዴም ውሸት አይደለም። ይቅር በይኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና ፊቷ የቆመችውን ሴት ክንድ ያዘች። ብልቃጧ እስክትጨርስ ሃያ አንድ ሰው ከተበች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ወንዙ ወርዳ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው።

አያ ዳምጤ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ ቀስ ብለው። «እታለም፣ እኔ ያን ዕለት አይቼው ነበር። አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ማሩኝ።»

«እኔም አይቼው ነበር፣ አያ ዳምጤ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። የከዳት እሱ ብቻ ቢሆን ቁጣው ያቆማት ነበር። እሷም ራሷን ከድታ ነበርና የምትቆምበት አጣች።

ውበቴ «ቀጥ ብለን ቢቸና እንሂድ፤ አባትሽ ዳስ ሳይጥል እንድረስ» አሏት። እምቢ አለች። ሞጣ መሄድ አለባት። ተስፋ እንዲህ ነው፤ ደብዳቤውን በእጅ ይዞ፣ ምናልባት ውሸት ቢሆንስ ያሰኛል። በእግር ጉንደ ወይን ወጡ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሞጣ ገቡ።

ያከራዩት ሴት ወይዘሮ አሰጋሽ በር ላይ ተቀብለው የባዶውን ክፍል ቁልፍ አሳዩአቸው።

«ከሄደ አምስት ቀኑ። ምን የቀረ ዕቃ አለው ብለሽ ነው፣ ልጄ? አልጋውን እንኳ ለእኔ ከሸጠልኝ ቆየ።»

«መቼ?»

«በኅዳር ጽዮን ሳምንት ነዋ። ‹ባሕር ማዶ ልሄድ ነው፣ ዕቃዬን ላቅልል› ብሎ። ከዚያ ወዲህ ቁርበት ላይ ነበር የሚተኛው።»

ሀብትነሽ ወደ ወይዘሮ አሰጋሽ መኝታ ቤት በተከፈተው በር አየች። የብረት አልጋ፤ ራስጌው ላይ አበባ የተቀባ። በእሷ ምክንያት የተጠላ መስሏት ያለቀሰችለት አልጋ ያ ነበር። ሽማግሎቹ የመጡት አልጋው ከተሸጠ ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ነው። ሊሄድ እያወቀ ነው የላካቸው። አባቷ «ቃል ሰጥቻለሁ» ሲሉ እያወቀ፤ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲምሉለት እያወቀ፤ «ደህና እደር» ስትለው እያወቀ።

ተስፋዋ እዚያ በር ላይ ሞተ። እንባም አልወጣት።

ከቤቱ ስትወጣ ወደ ክትባቱ ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ቀና ብሎ «መልካው እንግዲህ ይዘጋ ይሆን?» ሲላት «አይዘጋም» አለችው። የመድኃኒቱን ሳጥን በራሷ ስም ፈርማ ተቀበለች። ለምን እንዳደረገችው ያን ሰዓት ብትጠየቅ መልስ አልነበራትም።

*

ቢቸና ስትደርስ ጥር ሃያ አምስት ነበር። ዳሱ ተጥሏል። ተማሪዎቹ ከየኔታ ርስት የወይራ ባላ ቆርጠው ተክለውታል፤ አግዳሚው ታስሯል፤ ክዳኑ ለነገ ቀርቷል። ጠላው በጋን ሆኖ ይፈላል። ሀብትነሽን ሲያዩ እልል አሉ።

አባቷ ከዳሱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ተንበረከከችና ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። አነበቡት። እልልታው በየአፉ ቆመ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«ያነበብኩት በሃያ ነው። ያወቅሁት ግን በአሥራ ሦስት ነው አባቴ፤ በግራር ሲያስከድን። አውቄ ዝም አልኩ። ዛሬ እዚህ የሚያፍሩት በእኔ ዝምታ ነው።»

መሪጌታ ደብዳቤውን አጣጠፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «እኔስ? እመኑት ያልኩት ሕዝብ? ሰውየው ሐሰት ከሆነ መርፌውም ሐሰት ነው ይላል። ነገ የሚመጣውን ከታቢ በድንጋይ ያባርሩታል። ልጆች ይሞታሉ። በእኔ ምስክርነት ይሞታሉ።»

ሞጣ ላይ ለምን እንደፈረመች ሀብትነሽ ያን ጊዜ ገባት። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። በክንዷ ላይ መርፌው ያሳረፈው ጠባሳ ክብ ብሎ ይታያል።

«መድኃኒቱ እውነት ነው። ሐሰት የሆነው ሰውየው ነው። ሁለቱን የሚለይላቸው ከእኔ ሌላ የለም። ልመለስ አባቴ።»

«ወዴት?»

«ወደ መልካው። ዳሱን ይስጡኝ።»

አባቷ ቀና ብለው ወይራዎቹን አዩ። ለልጃቸው ሰርግ የተቆረጡ፣ ተማሪ በዘፈን የተከላቸው ወይራዎች። ከወንበራቸው ተነሡ፤ ወደ መሐለኛው ባላ ሄዱ፤ በሁለት እጃቸው ያዙትና ነቀነቁት።

«ንቀሉ» አሉ ተማሪዎቹን።

ጥር ሃያ ስምንት፣ በሰርጓ ዕለት፣ ሀብትነሽ ከቢቸና ወጣች። ከፊቷ የኔታ በበቅሎ፣ ከኋላዋ ድሮ ከመርፌ የሸሹት ጎረምሶች ባላና አግዳሚ ተሸክመው፣ ጠላውን በገንቦ ይዘው። በየመንደሩ ሰው እየወጣ ይጠይቃል።

«ማን ሊዳር ነው?»

ጎረምሶቹ እርምጃቸውን ጨመሩ።

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም» አለች ሀብትነሽ። «ለመንገደኛ ነው።»

ሳሩን ከጉንደ ወይን ጥግ አጨዱ። አያ ዳምጤ የእሾሁን ዳስ ነቅለው ጠበቋቸው። ባላውን በድሮው ጉድጓድ ሳይሆን በአዲስ ጉድጓድ ተከሉት፤ በገደሉ በኩል ዘጉት፣ ወደ ወንዙ ከፈቱት፣ በሳር አወፍረው ከደኑት። የኔታ ከሥሩ ቆመው ለሚሻገረው ሰው ሁሉ ተናገሩ። እንዳልተታለሉ አድርገው አልተናገሩም። «ሰውየው ከድቶኛል። መርፌው አልከዳኝም። ይኸው ልጄ፣ ይኸው ክንዷ» አሉ። ሰዉ ተንሾካሾከ፤ ግማሹ አዘነ፤ ግማሹ ሳቀ። ከዚያ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ክንዷን ገልጣ ከጥላው ሥር ገባች።

*

ሁለት ዓመት አለፈ። በስልሳ ስድስት ጥር፣ ቀትር ላይ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከገደሉ ወርዶ ዳሱ ውስጥ ገባ። ሥራውን ሊመለከት የተላከ ተቆጣጣሪ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ላቡን ጠረገ፤ ከዚያ ቀና ሲል አያት። ሀብትነሽ ከገደሉ ጫፍ ጀምሮ በአካሄዱ አውቃው ነበር። ውኃ በቅል ሰጠችው፤ ለመጣ ሁሉ እንደምትሰጠው።

«ሀብቴ» አለ።

«እንኳን ደህና መጡ።»

ጠጣ። «ልጽፍልሽ ብዙ ጊዜ ጀመርኩ…» አለና ዳሱን ቀና ብሎ አየ። «ጥሩ ዳስ ነው። ቀዝቃዛ ነው።» ጀርባውን ያስደገፈበትን ባላ በእጁ ዳሰሰው፤ ቀላና ከባድ እንጨት። ግንባሩ ተጨማደደ። «ይህ ወይራ አይደለም እንዴ? በረሃ ወይራ የለም። ከየት መጣ?»

«ከቢቸና።»

«እዚህ ድረስ? ለምን?»

«ለሰርጌ ተቆርጦ ነበር።»

እጁን ከባላው ላይ አነሣ፤ እንደተቃጠለ ሰው። ወንዙ ይሰማል፣ ዋናተኞቹ ይጣራሉ። አያ ዳምጤ ከወዲያ ቆመው ያያሉ።

«ባል…» አለ ሣህለ ማርያም። «አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ድንጋዩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «እንግዲያውስ ሀብቴ፣ ስሚኝ። አሁን ቢሆን እኮ ሽማግሌ…»

ሀብትነሽ ደረቷ ውስጥ የድሮው ከበሮ አንድ ጊዜ ሲመታ ሰማችው። አልካደችውም፤ ወድዳው ነበር፤ ውሸት አልነበረም። ዳሩ ላይ ግን ከወሎ የተሻገሩ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የፊተኛይቱ ሕፃን ያለቅሳል።

ብልቃጧን አነሣች፤ መርፌውን ነከረች።

«እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» አለችው። «ጥላው ለእናቶቹ ነው።»

ጠጋ አለ። ሴቶቹ ገቡ። እንደገና ጠጋ አለ፤ ሌሎች ገቡ። የተሲያቷ ፀሐይ ወደ ገደሉ ስታዘነብል ሣህለ ማርያም ከወይራው ማዶ ከክዳኑ ውጪ ነበር፤ ባርኔጣውን አድርጎ በቅሎውን መፈለግ ጀመረ።

ሀብትነሽ የሚቀጥለውን ክንድ ያዘች። ገደሉን ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደዞረ አልቆጠረችም።